ጠረፍ የማያልፍ መረብ

ዕቃ ከአገር ወደ አገር በቀላሉ ይጓዛል፤ አገልግሎት ግን እንደ ዕቃ አይጓዝም። አንድ ሬዲዮ ወይም አንድ የልብስ ስፌት መኪና ከጃፓን ተነሥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በጭነት መኪና ተጉዞ በጠረፍ ላይ ካለ ሱቅ ቢደርስ ሥራውን ይሠራል፤ የፋብሪካው ሩቅ መሆን አያግደውም። በዘመናችን ግን ከባለቤቱ ድርጅት ጋራ ዘወትር ካልተነጋገረ በቀር ሙሉ ሥራውን የማይሠራ ዕቃ በዝቷል። እንዲህ ያለው ዕቃ ጠረፍ ሲሻገር አገልግሎቱ ወደ ኋላ ይቀራል። ይህ ለምን እንደሚሆንና ለቤተሰብ ምን ትምህርት እንደሚሰጥ በመተማና በገዳሪፍ ምሳሌነት ለማስረዳት እንሞክራለን።

አንድ ምድር፣ ሁለት መረብ

በኢትዮጵያ በኩል መተማ ዮሐንስ፣ በሱዳን በኩል ገላባት ፊት ለፊት የሚተያዩ ከተሞች ናቸው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. በጦርነት ቆስለው ሕይወታቸው ያለፈው በዚሁ አካባቢ ስለ ሆነ ከተማዪቱ በስማቸው ትጠራለች። የድንበሩም ውል በዳግማዊ ምኒልክ መንግሥትና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በግንቦት ወር 1894 ዓ.ም. ተፈረመ። ከገላባት ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ 150 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ገዳሪፍ ይገባል። ገዳሪፍ በሰሊጥና በማሽላ እርሻ የታወቀ አገር ነው። ከመተማ እስከ ሑመራ ያለው የኢትዮጵያ ቆላም ያንኑ ሰሊጥና ያንኑ ማሽላ ያበቅላል። በአዝመራ ጊዜ ጉልበቱን ይዞ ጠረፉን የሚሻገር ሠራተኛ ከጥንት ጀምሮ አለ። ምድሩ አንድ፣ ሙቀቱ አንድ፣ አዝመራውም አንድ ነው።

መረቡ ግን ሁለት ነው። በዚህ በኩል የቴሌፎኑ የአገር መለያ ቁጥር 251፣ በዚያ በኩል 249 ነው። በዚህ በኩል ገንዘቡ ብር፣ በዚያ በኩል የሱዳን ፓውንድ ነው። የኢትዮጵያው ነዋሪ ከግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ «ቴሌብር» በሚባለው አገልግሎት በስልኩ ገንዘብ ይልካል፤ የሱዳኑ ነዋሪ ደግሞ የካርቱም ባንክ ባዘጋጀው «ባንከክ» በሚባለው አገልግሎት ይገበያያል። የሬዲዮ ሞገድ የድንበር ውል አያውቅምና ከጠረፉ አጠገብ የቆመ ሰው ስልክ አንዳንድ ጊዜ የጎረቤቱን አገር ምልክት ይይዛል። ምልክቱን መያዝ ግን አገልግሎቱን ማግኘት አይደለም። በባንከክ ያለው ገንዘብ የሱዳን ፓውንድ ሆኖ በአንድ የሱዳን ባንክ መዝገብ የተጻፈ ስለ ሆነ፣ የመተማው ባለሱቅ በዚያ መዝገብ ስም ከሌለው በቀር በቀጥታ ሊቀበለው አይችልም። የቴሌብርም ነገር እንደዚሁ ነው።

ጨዋታው ደረሰ፣ መረቡ ቀረ

ይህን ጉዳይ ወጣቶች ቀድመው ያወቁት በጨዋታ በኩል ነው። ዛሬ በኢትዮጵያ ከተሞች ከጆተኒውና ከፑል ቤቱ አጠገብ «ፕሌይስቴሽን ቤት» የሚባል የጨዋታ ቤት ማግኘት የተለመደ ሆኗል። ሁለት ልጆች ከአንድ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው የእግር ኳስ ግጥሚያ ይጫወታሉ፤ ሒሳቡም በጨዋታ ወይም በሰዓት ይከፈላል። መሣሪያው ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራው ሲሆን፣ የመጀመሪያው ዓይነት ለገበያ የቀረበው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) በ1994 በጃፓን ነው።

ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ኩባንያው ተጫዋቾችን እርስ በርስ የሚያገናኝ፣ ጨዋታ የሚሸጥና የእያንዳንዱን ተጫዋች መዝገብ የሚይዝ «ፕሌይስቴሽን ኔትወርክ» የተባለ አገልግሎት ጀመረ። ይህ አገልግሎት በይፋ የሚሰጠው በሰባ ያህል አገሮች ብቻ ነው። ኢትዮጵያም ሱዳንም በዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ስለዚህ መሣሪያው በመርከብና በመኪና እየተጫነ ጨዋታ ቤቱ ደርሷል፤ መረቡ ግን አልደረሰም። አንድ የመተማ ወይም የገዳሪፍ ልጅ መዝገብ ለመክፈት ቢፈልግ የአገሩን ስም ከዝርዝሩ አያገኝም።

የዚህ ነገር ክብደት በዓለም ላይ በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 2024 ነው። ሶኒ «ሄልዳይቨርስ 2» የተባለውን ጨዋታ በኮምፒዩተር የሚጫወቱ ሰዎች ሁሉ በዚሁ መረብ መዝገብ እንዲኖራቸው ትእዛዝ አወጣ። መረቡ በማይገኝባቸው ከ170 በሚበልጡ አገሮችና ግዛቶችም የጨዋታው ሽያጭ ቆመ። በዚያ ያሉ ብዙ ሰዎች ግን ጨዋታውን ቀድመው በገንዘባቸው ገዝተው ነበር። ተቃውሞው ስለ በረታ ኩባንያው በጥቂት ቀናት ውስጥ ትእዛዙን ሻረ። ከዚህ የምንረዳው ዋጋውን ከፍሎ ዕቃውን በእጁ የያዘ ሰው እንኳ የመዝገቡ ባለቤት እንዳልሆነ ነው።

በጃፓን የጨዋታ አዳራሾች ያለው ሥርዓት

በጃፓን አገር ከቤት ጨዋታ ሌላ ሰፊ የጨዋታ አዳራሾች አሉ። በእነዚህ አዳራሾች የሚገኙት መኪናዎች ሳንቲም እየተጨመረባቸው የሚሠሩ ሲሆኑ፣ የመቶ የን ሳንቲም የተለመደ ዋጋቸው ሆኖ ኖሯል። ታይቶ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው «ስፔስ ኢንቬደርስ» የተባለው ጨዋታ ይህን ሥራ በአገሩ እጅግ አስፋፍቶታል። ያን ጊዜ መኪናው ብቻውን የቆመ ዕቃ ነበር፤ የትም ቢወሰድ መብራት ካገኘ ይሠራ ነበር።

ከ1990ዎቹ መጨረሻ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ኮናሚ፣ ሴጋ፣ ባንዳይ ናምኮና ታይቶ የተባሉት ኩባንያዎች መኪናዎቻቸውን ከዋና ኮምፒዩተሮቻቸው ጋራ በመስመር አገናኙ። ተጫዋቹ ካርዱን ሲያስነካ ስሙ፣ ያገኘው ነጥብና የደረሰበት ደረጃ ከኩባንያው መዝገብ ይመጣል። ዛሬ በቶኪዮ የጀመረውን ጨዋታ ነገ በኦሳካ ሊቀጥል ይችላል። አዲስ ዘፈንና አዲስ ውድድር የሚደርሰውም በዚሁ መስመር ነው። ከእነዚህ መኪናዎች ብዙዎቹ መስመሩ ከተቋረጠ ሙሉ አገልግሎት አይሰጡም፤ ጨርሶ የማይነሡም አሉ።

ይህ አገልግሎት ከጃፓን ውጭ የሚገኘው በጥቂት ቦታ ብቻ ነው። በአንዳንድ የእስያ አገሮችና በአሜሪካ በተወሰኑ አዳራሾች፣ ለምሳሌ «ራውንድ ዋን» የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በከፈታቸው ቤቶች፣ ከጨዋታዎቹ አንዳንዶቹ ከመረቡ ጋራ ተገናኝተው ይሠራሉ። በቀረው ዓለም ያረጀ መኪና የገዛ ሰው መረብ የሌለውን ሣጥን ይዞ ይቀመጣል።

ምክንያቶቹ

ይህ የሚሆነው ኩባንያዎቹ የሌላውን አገር ሰው ስለሚንቁ ነው የሚሉ አሉ። ነገሩ ግን በስሜት ሳይሆን በሒሳብና በሕግ የሚታይ ነው። ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛው የወጪ ነገር ነው። መረብ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው ሥራ አይደለም። ዋናው ኮምፒዩተር ሌትና ቀን መሥራት፣ ጠባቂና ጠጋኝ ማግኘት፣ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣም በቋንቋው የሚመልስ ሠራተኛ መኖር አለበት። በአንድ አገር ውስጥ ብዙ ሺህ መኪናዎች ሲኖሩ ይህ ወጪ ለሁሉም ተካፍሎ ይቀልላል። በአንድ ሩቅ ከተማ ሁለት ወይም ሦስት መኪናዎች ብቻ ቢኖሩ ገቢያቸው የጠባቂውን ደመወዝ እንኳ አይሸፍንም።

ሁለተኛው የገንዘብ አሰባሰብ ነው። በጃፓን አዳራሹ ከሚያገኘው ገቢ ለመረቡ አገልግሎት ለኩባንያው ይከፍላል። ይህ የሚሆነው ክፍያው በአንድ ገንዘብ፣ በአንድ የባንክ ሥርዓት፣ በአንድ የግብር ሕግ ስለሚፈጸም ነው። የውጭ ምንዛሪ በፈቃድ ብቻ በሚገኝበት አገር ግን ያንኑ አነስተኛ ሒሳብ ዘወትር ወደ ጃፓን መላክ ከጥቅሙ ድካሙ ይበልጣል።

ሦስተኛው የድርሰት መብት ነው። ከእነዚህ ጨዋታዎች ብዙዎቹ በዘፈን የሚካሄዱ ናቸው። የዘፈኑ ባለመብት በጃፓን እንዲሰማ ፈቅዶ ሊሆን ይችላል፤ ለሌላ አገር ግን ሌላ ውል ያስፈልጋል። ስለዚህ ወደ ውጭ የሚላኩ መኪናዎች በአገራቸው ካሉት ያነሱ ዘፈኖች የሚኖሯቸው ጊዜ አለ።

አራተኛው ርቀት ነው። ከገዳሪፍ እስከ ቶኪዮ በቀጥታ ቢለካ ከ10 ሺህ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። መልእክት በብርሃን ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። ስለዚህ ደርሶ ለመመለስ ቢያንስ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ይፈጅበታል፤ ገመዱ በቀጥታ ስለማይዘረጋና በየጣቢያው ስለሚቆይ እውነተኛው ጊዜ ከዚህ ይበልጣል። ለደብዳቤ ይህ ምንም አይደለም፤ በምታና በፍጥነት ለሚፈረድ ጨዋታ ግን የማሸነፍና የመሸነፍ ልዩነት ነው።

አምስተኛው ኀላፊነት ነው። የሰዎችን ስም፣ አድራሻና የባንክ ካርድ ቁጥር የሚይዝ ድርጅት ለጥበቃው ተጠያቂ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 2011 ሌቦች የፕሌይስቴሽንን መረብ ሰብረው ስለ ገቡ 77 ሚሊዮን ያህል መዝገቦች አደጋ ላይ ወድቀው፣ አገልግሎቱም ለሳምንታት ተዘግቶ ነበር። ከዚህ በኋላ ኩባንያዎች ቢሮና ጠበቃ በሌላቸው አገር አገልግሎት ለመክፈት መጠንቀቃቸው የሚያስገርም አይደለም።

ስድስተኛው የመንግሥታት ግንኙነት ነው። አሜሪካ በሱዳን ላይ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2017 የንግድ ማዕቀብ ጥላ ነበር፤ ሱዳን ሽብርን ከሚረዱ አገሮች ዝርዝር የወጣችውም በ2020 ነው። በእነዚያ ዓመታት በዓለም አቀፍ የባንክ ካርድ ዕቃ መግዛት ለገዳሪፍ ነዋሪ የማይቻል ነገር ነበር። ማዕቀብ ከተነሣም በኋላ ባንኮችና ኩባንያዎች ፈጥነው አይመለሱም።

የፖስታው ታሪክ

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ የፖስታ ቴምብሮች በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1886 ዓ.ም. ወጡ። ቴምብሮቹ በፓሪስ የታተሙ፣ የንጉሠ ነገሥቱን መልክና የአንበሳን ምስል የያዙ ያማሩ ነበሩ። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያ ገና የዓለም የፖስታ ማኅበር አባል ስላልነበረች፣ የኢትዮጵያ ቴምብር ብቻ የተለጠፈበት ደብዳቤ ባሕር ማዶ አይሻገርም ነበር። ላኪው ከጅቡቲ በኋላ ላለው መንገድ ሌላ፣ የፈረንሳይ ግዛት ቴምብር መጨመር ነበረበት። ወረቀቱና ሙጫው እንደ ሌላው አገር ቴምብር ነበር፤ የጎደለው ስምምነት ነበር።

ኢትዮጵያ በ1901 ዓ.ም. የማኅበሩ አባል ስትሆን ያው ቴምብር በዓለም ሁሉ ታወቀ። የቴምብሩን ዋጋ ከፍ ያደረገው የውሉ ፊርማ እንጂ የቀለሙ ማማር አልነበረም። በጎረቤት አገሮችም ተመሳሳይ ምሳሌ እናገኛለን። ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ሩዋንዳና ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በተስማሙት ውል መሠረት፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በሚሻገር መንገደኛ ላይ ይጫን የነበረው ከባድ የስልክ ዋጋ እንዲቀንስ አድርገዋል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ብሂል ለቴሌፎንም መረብ ይሠራል።

ከጨዋታ የበለጠው ነገር

ጨዋታ ቢቀር የሚቀረው ደስታ ነው። ይኸው ሥርዓት ግን የቤተሰብን ኑሮ ሲነካ ጉዳቱ ይከብዳል። በጥቅምት መጨረሻ 2013 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ሲነሣ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ50 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ተከዜን ተሻግረው ወደ ምሥራቅ ሱዳን ገቡ። ብዙዎቹም በገዳሪፍ ክፍለ አገር ባሉት በኡም ራኩባና በቱነይድባ መጠለያዎች ተቀመጡ። በትግራይ የቴሌፎን መስመር ተቋርጦ ስለ ነበር፣ ስልኩን በኪሱ ይዞ የመጣው ስደተኛ ስለ ቤተሰቡ መስማት አልቻለም። መሣሪያው ከእጁ አልጠፋም፤ የጠፋበት መረቡ ነበር።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በካርቱም ጦርነት ተነሣ። የካርቱም ሰው ወደ ገዳሪፍ ሸሸ፤ ከዚያም ብዙው በገላባት በኩል አድርጎ ወደ መተማ ገባ። ከስደተኞቹ መካከል ገንዘቧን ሁሉ በባንከክ ያስቀመጠችን አንዲት እናት በሐሳባችን እንመልከት። በገዳሪፍ ሳለች በስልኳ ዳቦ ትገዛ ነበር። ድልድዩን በተሻገረች ማግስት ግን በስልኳ የሚታየው ሒሳብ ሳይጎድል ዳቦ መግዛት ያቅታታል። ከሁለቱም ወገን መዝገብ ያለውን ሰው ፈልጋ፣ እርሱ በቆረጠው ዋጋ መመንዘር አለባት። እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር 2024 በሱዳን የቴሌፎንና የኢንተርኔት መስመር በአብዛኛው ሲቋረጥ፣ በዚያው በሱዳን የቀሩትም እንኳ ገንዘባቸውን ማንቀሳቀስ አልቻሉም።

በዚህ ጊዜ ጠረፍ የተሻገረ አንድ የቆየ መረብ ነበር። ይኸውም የቀይ መስቀል መልእክት ነው። ቤተሰብ የተለያየበት ሰው በአጭር ወረቀት ላይ የቤተሰብ ወሬ ብቻ ይጽፋል፤ የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ሠራተኞች ከአገር ወደ አገር ተቀባብለው ያደርሱለታል። ወረቀቱ የዘገየ ነው፤ ግን መንግሥታት በውል የተቀበሉት ስለ ሆነ ጠረፍ አያቆመውም። ፈጣኑ መረብ ያልቻለውን ዘገምተኛው ሠራ።

ለወላጆችና ለቤተሰብ

ከዚህ ሁሉ ለቤት የሚሆን ምክር ይገኛል።

ልጅ የጨዋታ መሣሪያ እንዲገዛለት ሲጠይቅ፣ ወላጅ ስለ ዋጋው ብቻ ሳይሆን ያለ መረብ ይሠራ እንደ ሆነም ይጠይቅ። ሁለት ወዳጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚጫወቱት ጨዋታ የማንንም አገር ፈቃድ አይፈልግም።

በሌላ አገር ስምና አድራሻ የተከፈተ መዝገብ ዛሬ ቢሠራ ነገ ሊዘጋ ይችላል፤ የኩባንያውም ደንብ አይፈቅደውም። የጠፋውን ገንዘብ ለማስመለስ የሚቆምለት ጠበቃ ስለሌለ፣ በእንደዚህ ያለ መዝገብ የቤተሰብን የባንክ ካርድ ማስገባት አይገባም።

በጠረፍ አጠገብ የሚኖርም ሆነ ለሥራ የሚሻገር ሰው፣ የቤተሰቡን የስልክ ቁጥር ከነአገር መለያው በወረቀት ጽፎ ይያዝ። ስልክ ቢጠፋ ወይም መስመር ቢቋረጥ በወረቀት የተጻፈው ቁጥር ከሌላ ሰው ስልክ ለመደወል ያገለግላል።

ገንዘብንም ሁሉ በአንድ መዝገብ ማኖር ጥሩ አይደለም። ከፊሉ በእጅ፣ ከፊሉ በባንክ፣ ከፊሉ በስልክ ቢሆን አንዱ ሲዘጋ ሌላው ያበላል። የልደት፣ የጋብቻና የትምህርት ማስረጃም በስልክ ፎቶግራፍ ብቻ መቅረት የለበትም፤ ዋናው ወረቀት በላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጥ።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለሚሠሩ አንባቢያን ደግሞ የፖስታው ታሪክ በቂ ትምህርት ነው። ኢትዮጵያና ሱዳን ሁለቱም የኮሜሳ አባሎች ናቸው። የስልክን ዋጋ፣ የሐዋላን አገልግሎትና የስደተኛን ገንዘብ የሚመለከት ስምምነት ሲደረግ ተጠቃሚው በመጀመሪያ የሰሊጥ ለቃሚው፣ ነጋዴውና ስደተኛዋ እናት ናቸው። የጃፓን ኩባንያዎች የጨዋታ መረባቸውን ወደ ገዳሪፍና ወደ መተማ የሚያደርሱበት ጊዜ ሊዘገይ ይችላል፤ ይህን መወሰን የእነርሱ ፈንታ ነው። በገላባትና በመተማ መካከል አንዲት እናት በራሷ ገንዘብ ለልጇ ዳቦ እንድትገዛ ማድረግ ግን የቶኪዮን ፈቃድ አይጠይቅም።